ኅዳር ላይ የፈካው አደይ

ከስንት ዘመን በኋላ በኅዳር ጋሞ አገር፣ ሴቻ ስደርስ ታላቅ እህቴ ከተቀበረች ሳምንት አልፏት ነበር። የአገሩ አደይ ሁሉ ደርቆ የእሷ ጓሮ ብቻ ቢጫ ለብሷል። ጎረቤቷን፣ "ይሄ ምን ነካው? መስቀል ካለፈ ቆየ እኮ" አልኳት።

"እሷ ናት፣ እማማ። በኅዳር እመጣለሁ ብለው ደወሉላት አይደል? ቶሎ እንዳይፈካ ጠዋት ጠዋት እምቡጡን በጥፍሯ ትቀነጥሰው ነበር። 'አበባ የሌለው መስቀል ልታውይን ነው?' ብለን ስንስቅባት፣ 'የኔ መስቀል እህቴ ስትመጣ ነው' አለችን።"

ስለ ሞት ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ አንድ ቃል አላዋሰኝም። "አበባውን ከምታቆይልኝ ራሷ ብትቆየኝ ምን ነበረበት!" ብዬ ጮህኩባት፣ ምንም ባላጠፋች ሴት ላይ።

አልተቀየመችኝም። በእህቴ ፈንታ እጄን ያዘችና በጋሞኛ የመስቀሉን ሰላምታ፣ "ዮ ማስቃላ" አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ በእሱ ፈንታ ግን አንድ አደይ ቀጥፌ በእጇ አኖርኩላት።