የሠርጉ ቦታና የአቶ ሰብስቤ ድንጋጤ

አቶ ሰብስቤ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ አዳማ የሚኖሩ፣ የተናገሩትን የማያጥፉ ሽማግሌ ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ሶፊ ለሚ ለሚባል የመቂ ልጅ ታጭታ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። አንድ ቀን ጠዋት የጥሪ ካርዱን ናሙና ይዘው ከማተሚያ ቤት ሲወጡ፣ ከካቶሊክ ቁምስናቸው ካህን ከአባ ልዑልሰገድ ጋር ደጃፉ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

አባ ልዑልሰገድ በዕድሜ የአቶ ሰብስቤን የበኩር ልጅ ቢያክሉ ነው። ከሰላምታ በኋላ ካርዱን ተቀብለው ሲያነቡ ፊታቸው ተለወጠ። ተክሊሉ ሶደሬ፣ አዋሽ ዳር ባለው መናፈሻ እንደሚፈጸም ተጽፏል። ሙሽሮቹ የጋብቻ ትምህርታቸውን ሲከታተሉ ይህን አንድም ቀን እንዳላነሡ ካህኑ ቢናገሩ፣ አቶ ሰብስቤ ለልጃቸው በድብቅ ያዘጋጁት ስጦታ መሆኑን ፈገግ ብለው ገለጹ። ካህኑ ግን ፈገግ አላሉም። ሁለቱም ወደ አንድ ጭማቂ ቤት ገብተው ተቀመጡ።

“አባ፣ አዋሽንስ የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም?” አሉ አቶ ሰብስቤ።

“እሱ ነው፣ ጋሽ ሰብስቤ። ወንዝ ዳር ብንጸልይም ይሰማናል። ጋብቻ ግን በምእመናን ፊት የሚገባ ቃል ኪዳን ነው። መናፈሻው የሚያስገባው የተጠራውን ነው። የቤተ ክርስቲያን በር ላልተጠራውም ክፍት ስለሆነ፣ ጋብቻው እክል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ቢኖር ገብቶ ይናገራል። ስለዚህ ጳጳሱ በልዩ ምክንያት ካልፈቀዱ በቀር ተክሊሉ በቤተ ክርስቲያን ነው። ምሳውን ሶደሬ ቢያበሉ ግን የሚከለክልዎ የለም።”

ብዙ ሰው ሕግ ሲነገረው ምክንያቱን ከመመርመር ይልቅ የገዛ ኑሮውን ለማስረጃ ያቀርባል። አቶ ሰብስቤም እንዲሁ አደረጉ።

“እኔና መሰለች የተጋባነው አገዳ ቆራጮች ሰፈር፣ ግራር ሥር ነው። ሽማግሌዎች መረቁን፤ አለቀ። ካህን አልነበረም። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት፤ ትዳራችን ፈረሰ?”

ካህኑ ሁለቱም በካቶሊክነት የተጠመቁ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሰብስቤ ሁለቱም ገና ከምባታ እያሉ፣ በሕፃንነታቸው መጠመቃቸውን ተናገሩ። ከዚያ ወዲህስ በካህን ፊት ቃል ገብተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ “ለምን ብለን?” አሉ።

አባ ልዑልሰገድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱ። ሰው የሚያከብረው ትዳር ነው፤ ልጆቹም በረከት ናቸው። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ምሥጢረ ተክሊሉ አልተፈጸመም፤ እስኪፈጸምም ሁለቱ መቁረብ አይችሉም።

አቶ ሰብስቤ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። ጭማቂያቸውን ሳይቀምሱ ተነሥተው በባጃጅ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መንገዱን ሙሉ ይህን መርዶ ለመሰለች እንዴት እንደሚነግሯት ሲጨነቁ ቆይተው፣ እንደገቡ ባንድ ትንፋሽ ነገሯት።

“አውቃለሁ” አለች መሰለች።

ይሄኛው ድንጋጤ ከፊተኛው ባሰ። ሶፊን ስታስጠምቅ የያኔው ካህን ነግረዋት፣ ባልሽን ይዘሽ ነይ ብለዋት ነበር። ከዚያ ጀምሮ ሰው ለመቁረብ ሲሰለፍ እሷ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ ትቀመጣለች። አቶ ሰብስቤ ጉልበቷን የሚያማት ይመስላቸው ነበር።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ሚስትህ አይደለሁም ያልኩህ ይመስልህና ትቀየመኛለህ ብዬ ፈራሁ። አንተን ከማስቀየም ተቀምጬ መቅረቱ ቀለለኝ።”

እንግዲህ ባልማወቅ የሚመጣ ጉዳት እንዲህ ነው፤ ያላወቀው ሰው በሰላም ሲኖር፣ ያወቀችው ብቻዋን ተሸክማው ትኖራለች።

በማግስቱ ባልና ሚስት አብረው ቁምስናው ሄዱ። ካህኑ ነገሩ ከባድ እንዳልሆነ ነገሯቸው፤ ንስሐ፣ ሁለት ምስክሮችና አጭር ሥነ ሥርዓት ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን በፈቃዳቸው የሚጋቡ መሆናቸውን እያንዳንዳቸው ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው።

“መሰለችንም?” አሉ አቶ ሰብስቤ ደንግጠው። “ከሰባት ልጅ በኋላ?”

“እሳቸውንም። ያኔ ጠይቋቸው የሚያውቅ አለ?”

አልነበረም። ሲያጯት አባቷ ተጠየቁ፤ እሷን የጠየቀ የለም። መሰለች ገብታ በሩ ሲዘጋ፣ አቶ ሰብስቤ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው በሩ በሩን ያዩ ጀመር። እንቢ ብትልስ? የማትልበት ምክንያት ምንድነው ብለው ፈለጉ፤ ቶሎ አልመጣላቸውም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ምን እንዳለች ለመጠየቅ አልደፈሩም።

“ፈቅጃለሁ” አለች እሷው። “ደግሞ የጠየቀኝ ሰው መኖሩ ደስ አለኝ።”

ሐሙስ ጠዋት አቶ ሰብስቤና መሰለች፣ ሶፊና ለሚ ምስክር ሆነውላቸው በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ ያን ዕለትም አብረው ቆረቡ። የሶፊ ተክሊልም በቁምስናው ተፈጽሞ፣ ምሳው ሶደሬ ተበላ።

ከሠርጉ በኋላ አቶ ጆቴ የሚባሉ፣ እሳቸውም ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ያሰቡ ጎረቤታቸው፣ ካህን ያንን ሁሉ ጥያቄና ትምህርት ማብዛቱ ልጅ የሚድርን ሰው ማጉላላት ነው ብለው አማረሩ። አቶ ሰብስቤ ታግሠው አስረዷቸው፦ ትምህርቱ ሁለቱን ያስተዋውቃል፤ በምእመናን ፊት መሆኑ የተደበቀ ነገር ካለ ያወጣል፤ ለየብቻ መጠየቁም ልጅቱን ከቤተ ዘመድ ግፊት ያድናታል።

“ልጅህን ከመዳርህ በፊት ጠይቃት” አሏቸው። “እኔ ሚስቴ ስትጠየቅ ደጅ የቆየሁት ሩብ ሰዓት ነው፤ በዕድሜዬ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።”