የጋሽ ሚዛንና የዳንሰኛዋ መኪና ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ አሁን የማነብላችሁን አታምኑኝም። ቢሆንም በዚህ በተቆፈረው አፈር ፊት ቆሜ እምላለሁ፦ ከዚህ ውስጥ ያጋነንኩት ቢኖር የቅቤውን ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከግማሽ በላይ አልጨመርኩበትም።

ሁላችንም ጋሽ ሚዛን እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን፣ ከጋሪ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። አዋላጇ እስከ ዕለተ ሞቷ ትናገር እንደነበረው፣ እኚህ ሰው ገና እንደ ወጡ ሰፈሩን በለቅሶ ያናወጡት ርቧቸው ሳይሆን የአልጋው አንድ እግር አጥሮ ይወዛወዝ ስለነበር ነው፤ አባታቸው ከእግሩ ሥር ስስ እንጨት ሲሸጉጡበት ወዲያው ዝም አሉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል በትጋት ተማሩ። የፈተናው ዕለት ግን የመምህሩ ጠረጴዛ ሲነቃነቅ አላስችል ብሏቸው፣ የራሳቸውን ወረቀት ትተው ከሥሩ ገብተው ምስማር ሲመቱ ተገኙ፤ መምህሩም ሊኮርጅ ነው ብለው አባረሯቸው። ያላጠፉት ጥፋት ሲለጠፍባቸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያም በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ በመኪና አጣቢነት ተቀጠሩ። ጋራዡ ወለሉ በዘይት የጠቆረ፣ ጣሪያው በየቦታው የተቀዳደደ፣ ዝናብ ሲመጣ ሠራተኛው መኪናው ሥር ገብቶ የሚጠለልበት ረጅም አዳራሽ ነው። በዚያም በአምስት ዓመት ውስጥ ከአጣቢነት ወደ ዋና መካኒክነት አደጉ። ስማቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። የመኪናን የፊት ጎማ ፈተው፣ ጎማው የሚዞርበትን ክንድ በባለ መንጠቆ ሚዛን ይጎትቱታል፤ አምስት ኪሎ ላይ ሲደርስ መዞር ከጀመረ ደህና ነው፣ ቀድሞ ከዞረ ላልቷል ማለት ነው። ክንዱ ከሚዞርበት ፒን ክዳን ሥር ስስ ቆርቆሮ ሲቀንሱ ይጠብቃል፣ ሲጨምሩ ይላላል። ሚዛኑን ከጎረቤታቸው ከባለ ሉካንዳው ይዋሱ ስለነበር፣ በሬ የሚመዝን መካኒክ ተብለው መጀመሪያ ተሳቀባቸው፤ በኋላ ግን ስሙ የክብር ስም ሆነ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የጋራዡን ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አገቡ። ሚዜያቸው የልብ ወዳጃቸው፣ የዚያው መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበረ። ይኼውና እዚህ ቆሟል፤ ዞራችሁ አትዩት። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጅቷ የጠጣችበትን ሰማያዊ የወተት ጣሳ ሁሉ እናቲቱ ሳይጥሉ እያጠራቀሙ፣ አባት ደግሞ በመቀስ እየቆረጡ ለመኪኖቹ ክዳን ስስ ቆርቆሮ ያደርጉት ነበር። ከሰማያዊ ጣሳ በቀር ሌላ አይቆርጡም። ይህችን ያዙልኝ።

እንግዲህ ወደ ዳንሰኛዋ እንምጣ። ዳንሰኛዋ ሚዜው የሚነዳት አሮጌ የመስክ መኪና ነበረች፤ ፍጥነቷ ሃምሳ ላይ ሲደርስ የፊት አክስሏ ይንቀጠቀጥና መሪው ከሾፌሩ እጅ ሊያመልጥ ይታገላል። ወተት ይዛ የተሳፈረች ሴት ቅቤ ይዛ ትወርድ ነበር። የጋራዡ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ሚዛንን ጠርተው፣ «እሷን ቀጥ ካደረግህልኝ የኃላፊነቱ ወንበር ያንተ ነው፤ መኪናዋም ወደ ሩቁ የተራራ ጣቢያ ትሄዳለች» አሏቸው። እርሳቸውም ይህ የሳምንት ሥራ ነው ብለው በደስታ ገቡበት።

ሰባት ዓመት ፈጀ። አሥራ አንድ ጊዜ ከፈቷት፤ ኩሽኔታ ቀየሩ፣ የመሪ ዘንግ ቀየሩ፣ ጎማ አመጣጠኑ፣ ባሌስትራዋን አውርደው ሰቀሉ። ከጋራዥ ስትወጣ እንደ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ በሳምንቷ ጭፈራዋን ይዛ ትመለሳለች። ሚዜው ሁልጊዜ አጠገባቸው ነው። «አንተ ዕረፍ፣ ብሎኖቹን እኔ ልፍታልህ» ይላል፤ ሲጨርሱም ሻይ አዝዞ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ሰይጣን አለባት» ይላቸዋል። እርሳቸውም ዓይናቸውን ጠርጥረው መነጽር አሠሩ፣ እጃቸውን ጠርጥረው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፣ በመጨረሻ ሚዛኑን ጠርጥረው ባለ ሉካንዳውን፣ «ሚዛንህ ይዋሻል» አሏቸው። ባለ ሉካንዳው ቢላቸውን አስቀምጠው፣ «እኔ ልዋሽ እችላለሁ፣ ሰው ነኝ። ሚዛኔን ግን ተውልኝ!» ብለው ለሁለት ዓመት ተኳረፉ። ጋሽ ሚዛን በዓለም ላይ ያልጠረጠሩት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የነበሩት የሚዜው እናት ዐረፉ። ጋሽ ሚዛን ቀብሩን ቀብረው ሲመለሱ፣ ወዳጄ ከሐዘን ቤት ሲወጣ ቀጥ ያለች መኪና ይቆየው፣ ማጽናኛዬ ይህ ነው ብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን በክሪክ አነሷት። ክዳኑን ሲከፍቱ ከሰማያዊዎቹ ቆርቆሮዎች መካከል አንድ ቀይ ተኝቷል። ቀዩን ጣሳ ያውቁታል። ሲጋራ እንዲተው ብለው ራሳቸው ለሚዜያቸው የገዙለት የሚንት ከረሜላ ጣሳ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ተገለጠላቸው። መኪናዋ ቀጥ ካለች ወደ ተራራው ትሄዳለች፣ እሱም አብሯት ይሄዳል፣ እናቱን የሚያገላብጥ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ከጋራዥ በወጣች ቁጥር ጥግ ፈልጎ አራት ብሎን ይፈታና ቀይዋን ይከታታል፤ ለጥገና ስትመለስ ደግሞ «ልፍታልህ» እያለ ቀድሞ ያወጣታል።

ጋሽ ሚዛን ቀዩን በኪሳቸው አድርገው ክዳኑን ገጠሙ። ዳንሰኛዋም ከዚያ ቀን በኋላ አልጨፈረችም። ሥራ አስኪያጁ ነድተው አይተዋት፣ ሠራተኛው በተሰበሰበበት፣ «ይኼን ያህል ቀላል ከነበረ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ኖርክ?» አሏቸው። ሁሉም ወደ ሚዜው ዞረ፤ ምስክር እሱ ነዋ! እሱም መሬት መሬት እያየ፣ «እንግዲህ ሰው ቀስ እያለ ይማራል» አለ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሚዛን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ እጃቸው ባዶውን ወጣ። ወንበሩም ለሌላ ተሰጠ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ «ወንድሜ» ያሉትን ሰው «አቶ ሾፌር» ይሉት ጀመር፤ ሠላሳ ዓመት አብሮ የበላ ሰው እንደ ባዕድ ሲከበር ምን ያህል እንደሚያም እሱን ጠይቁት።

ምስጢሩን ያወጡት ለይቅርታ በሄዱ ጊዜ ለባለ ሉካንዳው ብቻ ነበር። «ያቃጠለኝ ቆርቆሮው አይደለም» አሏቸው። «እናቴን ጥዬ መሄድ አልችልም ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስልኝ፣ ክዳኑን ራሴ ከፍቼ አላላለት ነበር። እኔን ማታለል ሰባት ዓመት ፈጀበት፤ እኔን መጠየቅ እኮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።» ከዚያም በሕይወት እያሉ እንዳይነገር አስማሏቸው። ከሞቱ በኋላ ግን ያሉት ነገር የለም፤ እኔም ከባለ ሉካንዳው የሰማሁትን ዛሬ የማነበው በዚችው ቀዳዳ ሾልኬ ነው።

ጡረታ ሲወጡ ዳንሰኛዋም አርጅታ ከአገልግሎት ስለተሰናበተች ወደ ግቢያቸው ወሰዷት፤ በየሳምንቱ እያጠቡ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትንቀጠቀጥ ኖረች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ሚዜው በየቀኑ እየመጣ ከራስጌያቸው ይቀመጥ ነበር። አንድም ቀን አልተናዘዘም፤ አንድም ቀን አልጠየቁትም። ሕመሙ ሲጸናባቸው ልጃቸውን ጠርተው ከመነጽር ማኅደራቸው ቀዩን ቆርቆሮ አውጥተው ሰጧትና፣ «ስሞት ዳንሰኛዋ ትውሰደኝ። የሚነዳትም ሚዜዬ ይሁን። ይህችን ከመሪው ፊት አስቀምጭለት» አሏት። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ።

ጋሽ ሚዛን ባለቤታቸውን፣ እንደ አባቷ መካኒክ የሆነች ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ከባለ ሉካንዳው የተዋሱትን፣ አንድም ቀን ያልዋሸ የመንጠቆ ሚዛን ትተው ሄደዋል። ሚዜውን ከቀሪዎቹ ተራ ላስገባው ወይስ ልተወው ብዬ ባለቤታቸውን ብጠይቃቸው፣ «አስገባው፣ እሱም ይቅርለት» ስላሉኝ አስገብቼዋለሁ። ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ምንም በማይንቀጠቀጥበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት ከቀብር ሰልፉ ኋላ የነበራችሁ አልሰማችሁም። ሚዜው መሪውን ይዞ፣ ቀይዋም ከፊቱ ተቀምጣ፣ አስከሬኑን የያዘችው ዳንሰኛዋ ከግቢው ወጥታ መንገዱን ስትይዝ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ታወዛውዝ ጀመር። ሽማግሌው የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ክንዴን ጎሽመው፣ «አላልኳችሁም? ይኼው እስከ መቃብሩ አልጠገናትም!» አሉ። ደሜ ፈላ፤ አፌን ስከፍት ግን ባለ ሉካንዳው ቀደሙኝ፤ ስንት ዓመት የያዙትን ይዘው፣ ለቀስተኛው መሐል፣ በሥጋ ቤት ድምፃቸው፦

«መኪናዋ ምንም አልሆነችም! የሚንቀጠቀጠው ሾፌሩ ነው!»