በባዶ የሚሽከረከር ዲስክ

ማሽን አስነስቶ ምንም የማይቆርጥ በያጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ጁባ፣ ሎሎጎ ሰፈር ላለችው መጋዘኔ የብረት በር ላሠራ ሄጄ አየሁ። በያጁ ኦቻን ጋምቤላ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛው ከእኔ አያንስም። የመቁረጫ ዲስኩን ራሴ ከኮኞ ኮኞ ገበያ በርካሽ ገዝቼ ሰጠሁት። መቁረጫ ማሽኑ፣ ግራይንደሩ ላይ አሰረው፤ የዲስኩን መሸፈኛ ወደ ራሱ አዞረ፤ መነጽሩን አደረገ። ከዚያ የበሩን ብረት ትቶ ማሽኑን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስነሳና በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። ማሽኑን የሚያሠራው ጄኔሬተር እኔ የገዛሁትን ነዳጅ ይጠጣል!

«ኦቻን፣ ግድግዳውን ልትቆርጠው ነው?»

«ዲስኩን እየሞከርኩት ነው ጋሼ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ በባዶ ይዞራል።»

ምኑ እንደሚሞከር ገርሞኝ ጠጋ ስል በትከሻው ገፋ አደረገኝ። «ከዲስኩ ትይዩ አይቁሙ! ከኋላዬ ይሁኑ!»

ሁለት እርምጃ እንዳፈገፈግኩ ዲስኩ ጓ ብሎ ተበተነ። አንዱ ስባሪ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ጣውላ ውስጥ ተሰካ፤ ከፍታው ልክ በዓይኔ ትይዩ ነው። ኦቻን ማሽኑን አጠፋ።

«ዛሬ የገዛሁት አዲስ ዲስክ እኮ ነው!» አልኩ።

«ለእርስዎ አዲስ ነው ጋሼ። ገበያ ላይ ስንቴ እንደወደቀ፣ ስንት ዝናብ እንደመታው ማን ያውቃል?»

ከራሱ ሣጥን ሌላ ዲስክ አውጥቶ አሰረና ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ያንተም ይሞከራል እንዴ?» አልኩት፣ አሁን ከደጅ ሆኜ።

ሳቀ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔስ ከየት የገዛሁት መሰለዎት?»