መርዶ በችሎት በር ላይ

(ደሴ፤ ከፍርድ ቤት አዳራሽ በር ፊት ያለ አግዳሚ። ወይዘሮ ደብሪቱ የጎረቤቷን የዝናሽን ልጅ፣ የአሥር ዓመቷን ስመኝን፣ በጉዲፈቻ ለመውሰድ አመልክታ፣ ሁለቱም ተራቸውን ይጠብቃሉ።)

ስመኝ፦ አልገባም አልኩሽ እኮ! እናት እያለችኝ ሌላ እናት ስጡኝ ብዬ ዳኛ ፊት አልቆምም።

ደብሪቱ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ! «ከእትዬ ደብሪቱ ጋር መኖር እፈልጋለሁ» ማለት ነው፤ አለቀ።

ስመኝ፦ አሁንስ ከማን ጋር ነው የምኖረው?

ደብሪቱ፦ ከእኔ ጋር፣ ግን ያለ ፈቃድ ነዋ! ፍርድ ቤቱ እንቢ ካለ ማሳደጊያ ነው የሚያስገቡሽ።

ስመኝ፦ እማዬ ከቤይሩት ስትመጣ ታወጣኛለች።

ደብሪቱ፦ ቀሚስሽን አስተካክይ፣ ሊጠሩን ነው።

ስመኝ፦ ምነው ወሬ ቀየርሽ?

ደብሪቱ፦ ተራችን ስለደረሰ ነው።

ስመኝ፦ ደውይላት። እሷ እሺ ካለች እገባለሁ።

ደብሪቱ፦ ስልኳ ተበላሽቷል አላልኩሽም?

ስመኝ፦ ከጥምቀት ጀምሮ? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ትይ የለ። ያኔ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ የለበስሽው ለማን ነበር?

ደብሪቱ፦ ለሩቅ ዘመድ።

ስመኝ፦ ለሩቅ ዘመድ ፀጉር ይላጫል? እኔን ኩታበር ሰደድሽኝ። ስመለስ ግቢው በድንኳን ካስማ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል።

ደብሪቱ፦ ተይኝ፣ ስመኝ! መርዶ እንደዚህ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ዘመድ ደግፎ ይዞሽ…

ስመኝ፦ መርዶ አልሽ?

ደብሪቱ፦ ወይኔ አፌ!

ስመኝ፦ ንገሪኝ።

ደብሪቱ፦ ፈተናሽ ይለፍ አልኩ። ከዚያ ፋሲካ ይለፍ አልኩ። ሽማግሌዎቹን ስንት ጊዜ ከበር መለስኳቸው! ተኝተሽ ሳይሽ አንጀቴ እንቢ ይለኛል።

ስመኝ፦ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ጫፍ የምትቀመጪው ለዚያ ነው?

ደብሪቱ፦ አዎ።

ስመኝ፦ ተኝቼ አልነበረም። ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቅሻለሁ።

ደብሪቱ፦ ልጄን! ሞታለች፣ ስመኝ። ዝናሽ ሞታለች። ዳኛዋ እንደዋዛ ከምታነሳብሽ ብዬ ዛሬ ሌሊት ልነግርሽ ነበር፤ እሱም አቃተኝ። በይ አልቅሺ፣ አትያዢው።

ስመኝ፦ እዚህ አይለቀስም። ፍርድ ቤት ነው።

ደብሪቱ፦ ሰማሽ? ስማችንን ጠሩት። በይ ተነሺ፣ የኔ እናት። አንቺ ከሄድሽብኝ እኔም ሰው የለኝም፤ ባዶ ቤት ነው የምገባው።

ስመኝ፦ እገባለሁ። እናቴ ሞታለች እላለሁ።

ደብሪቱ፦ ጎሽ! ከእኔ ጋር መኖር እንደምትፈልጊም ለዳኛዋ ንገሪያት።

ስመኝ፦ እነግራታለሁ። «ደብሪቱ የምትነግርሽን ታምኛታለሽ ወይ?» ብላ ብትጠይቀኝስ፣ ምን ልበላት?