«ኑ፣ ብሉ» የሚባልበት ሰፈር

ሴቴፋኖ ከኡፖሉ ደሴት ወደ ሳቫኢ ደሴት በሚሻገረው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ያለውን የቤት ፎቶ ደጋግሞ ያያል። ቀድማ ለብቻዋ ባሕር ማዶ ብሪስቤን የገባችው ሚስቱ ፔታ የላከችለት ነው። ለአከራዩ ማታ መልስ መስጠት አለባት። እሱ ደግሞ አብራቸው የምትሄደውን እናቱን ከመንደር ሊያመጣ ነው የሚሻገረው። አስተማሪ ስለሆነ ሁሉን መርምሮ ጨርሷል።

«የማን ቤተ መንግሥት ነው?» የሚል ድምፅ ሰማ።

አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት አንገታቸውን አስግገው ስልኩን ያያሉ። በእኛ ጀልባ ላይ ይህ ነውር አይደለም።

«የእኛ ሊሆን ነው፣ እማማ። ብሪስቤን ልንገባ ነው።»

«ማታሌና እባላለሁ። እኔ ከዚያው መመለሴ ነው። ለመሆኑ ጎረቤቱ ማን ነው?»

«ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የምናውቀው ሰው የለም። የወደድኩትም ለዚሁ ነው። የአገራችን ሰው በሚበዛበት ሎጋን ውስጥ ሌላ ቤት ነበር፤ ጠባብ፣ ከአክስቴ ልጆች ጋር ግድግዳ ለግድግዳ። እዚያ ከገባን አለቀልን! ሰኞ ለቅሶ፣ ማክሰኞ ሰርግ፣ ረቡዕ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፤ ሁሉም አምጣ ነው። ልጆቼም የሚያጠኑበት ጥግ አያገኙም።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉ ማታሌና። ሴቴፋኖ ያሸነፈ መሰለው። «እናትህስ?»

«ለብቻዋ ክፍል፣ ከነቴሌቪዥኑ። እንደ ንግሥት ነው የማኖራት።»

«ልጄም እንደ ንግሥት ነበር ያኖረኝ» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ። «ጠዋት ሁሉም ይወጣል። እኔና ማቀዝቀዣው እንቀራለን። እሱ እንኳ ያጉረመርማል፤ እኔ ግን የማናግረው የለኝም። አንድ ቀን ምሳዬን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ሰው ሲያልፍ አየሁና ‹ና፣ ብላ!› አልኩት።»

ሴቴፋኖ ሳቀ። በመንደሮቻችን ግድግዳ በሌለው ቤት ተቀምጦ የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን ሳይጠራ አይጎርስም። አላፊውም «ይባረክ፣ ብሉ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ገብቶ የሚቀመጥ የለም፤ ጥሪው ሰላምታ ነው።

«ሳቅ፣ ሳቅ። ሰውየው እርምጃውን አፈጠነ። በማግስቱ አንዲቷን ብጠራት ልጇን አቅፋ መንገድ ተሻገረች። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ በየቀኑ እየወጣሁ ጠራሁ። ለእነሱ ሳህን ይዛ የምትጮህ አሮጊት ነኝ። በመጨረሻ አንዱ ጎረቤት ልጄን ‹እናትህ ታመሙ እንዴ?› አለው። ልጄ አፈረ። ‹እማ፣ እባክሽ ውስጥ ብዪ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ውስጥ በላሁ።»

የሴቴፋኖ ሳቅ ጠፋ። ቢሆንም የተማረ ሰው በቀላሉ እጁን አይሰጥም።

«ታዲያ ደመወዜን ለዘመድ ልገብር?»

«እምቢ ማለት ካቃተህ አፍህን አስተምረው እንጂ ቤትህን ለምን ታሸሻለህ? ዘመድ ስልክ የለውም እንዴ? ገንዘብህን ከሩቅም ያገኘዋል፤ እናትህን ግን ከሩቅ አያጫውትልህም። ‹ይህን እችላለሁ፣ ይህን አልችልም› በላቸው። ያኮርፋሉ፤ ከዚያ ይለምዱታል።»

«የልጆቹ ጥናትስ?»

«ቤተ መጻሕፍት ምን ሊሠራ ተሠራ? የእኔ የልጅ ልጆች ሰፊ ክፍል ነበራቸው፤ በር ዘግተው ስልክ ይነካኩበታል። አንተ ቤቱን የመረጥከው ማታ ለሚገቡት ነው። ቀኑን ሙሉ የምትውልበትን ሴትዮ ጠይቀሃታል?»

አልጠየቃትም። ኪራዩን፣ ርቀቱን፣ የክፍሉን ስፋት አመዛዝኖ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን ጊዜ ግን አላሰበውም። «አስብበታለሁ» አለ። ይህ በእኛ ዘንድ እምቢታ ነው።

ከጀልባው ሲወርዱ ሻንጣቸውን ያዘላቸው። መንገዱ ዳር ባለው ቤት ውስጥ አንድ ቤተሰብ ታሮ፣ ጎደሬ መሰሉን ሥር፣ በኮኮናት ወተት ይበላል።

«እማማ! ኑ፣ ብሉ!» አለች አንዲት ሴት።

ሴቴፋኖ እንደ ወጉ «ይባረክ፣ ብሉ» ብሎ አለፈ። ዘወር ሲል ግን ማታሌና አልተከተሉትም። ቆመው እንባቸው ይወርዳል። ከዚያም ማንም የማያደርገውን አደረጉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ቤተሰቡ ለአፍታ ግራ ተጋባ። ወዲያው ግን ምንጣፍ ተዘረጋ፣ ታሮ ቀረበ፤ ለምን ያለቅሳሉ ብሎ የጠየቃቸውም የለም።

ሴቴፋኖ ሻንጣውን እንደያዘ ፔታ ጋ ደወለ።

«የሎጋኑን ቤት ያዥ።»

«ጠባቡን? ምን ነካህ?»

«እማዬ ቀኑን ሙሉ በቋንቋዋ የሚመልስላት ታገኛለች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚቀበላቸው ዘመድ ይኖራል፤ ለጥናቱ ቤተ መጻሕፍት አለ። ለአክስቴ ልጆች የምችለውን እሰጣለሁ፤ የማልችለውን ግን አልችልም እላለሁ። እስከዛሬ ደፍሬ ብዬው አላውቅም።»

ፔታ ስታለቅስ ተሰማው።

«እኔም ጠባቡን ነበር የፈለግሁት» አለች። «አንተ ትልቁን ስለወደድክ ዝም አልኩ። ከመጣሁ ጀምሮ ቁጭ ብዬ በልቼ አላውቅም፤ ለብቻዬ ማዕድ መዘርጋት አስጠላኝ።»

እሷንም አልጠየቃትም ነበር።

«አንተ አስተማሪ!» ሲሉ ማታሌና ከውስጥ ተጣሩ። «ና፣ ብላ!»

ሴቴፋኖ ሻንጣውን አስቀምጦ ጫማውን አወለቀ፤ «መጣሁ» ብሎም ገባ።