ቤት የጫነ ጀልባ

በሰማንያዎቹ መገባደጃ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ያሉ አንድ አዛውንት የሙዝ ገበሬ ከጎናቸው የተቀመጠውን የቤንጋል ሰው፣ አማርኛ የለመደ የውሃ ምህንድስና መምህር፣ ስለ አገሩ ይጠይቁታል።

«መንደሬ ትልቅ ወንዝ ዳር ናት፣ አባባ። ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ ተራራ በዓይኔ ያየሁት እናንተ አገር ነው።»

«ወንዙ ሲሞላስ?»

«መሬቱን እየቆረሰ ይወስዳል። የቀርከሃና የቆርቆሮ ቤታችንን ነቅለን በጀልባ ጭነን ማዶ እንተክላለን። እናቴ አምስት ጊዜ ተክላለች።»

«አምስት ጊዜ! ማሳችሁስ?»

«ይወስደዋል። ደግሞ ሌላ ቦታ ደለል ይጥልልናል፤ ሩዝ እንዘራበታለን።»

«የሙታን መቃብርስ፣ ልጄ?»

«የአባቴንም ወስዶታል።»

«ታዲያ ይህን ወንዝ አትረግሙትም?»

«እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አባቴን ሰላም ትለዋለች፤ እንዴት ትርገመው?»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ» ሳልል አለፍኩት።