መቀርቀሪያው በየት በኩል ይሁን?

ሰው ቁልፉን የሚጥለው በሚቸኩልበት ቀን ነው። እኔም ፈተና ላርም ወደ ትምህርት ቤት ስጣደፍ የመሳቢያዬን ቁልፍ ጥዬ፣ ሌላ ላስቀርጽ ከሰፈራችን ቁልፍ ሠሪ ሱቅ ገባሁ። ሽማግሌው «አባ ጓጉንቸር» ይባላሉ፤ ስሙን ይወዱታል። ያን ዕለት ግን ፊታቸው ጠቁሮ አንድ ክንድ የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ ይሞርዳሉ።

«ባንክ ሊዘጉበት ነው?» ብዬ ቀለድኩ።

«የልጄን ክፍል ነው፣ መምህር» አሉኝ። «በውጭ በኩል ነው የምገጥመው።»

ልጁን አስተምሬዋለሁ፤ ሂሳብ የሚወድ ጎበዝ ነበር። ወረርሽኙ መጥቶ ኮሌጁ ሲዘጋ ወደ ቤት ተመለሰ፣ ሰባት ወር ክፍሉ ውስጥ ከረመ፣ ኮሌጁ ሲከፈት ግን አልሄደም። ይኸው ከዓመት በላይ ቀን ይተኛል፣ ሲነቃ ይጠጣል። አባትየው መጠጡን እስኪተው ቆልፈውበት ሊያኖሩት ቆርጠዋል። እውነቱን ልናገር፣ ተምሬያለሁ ባዩ እኔም «ደግ አደረጉ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ለካ ልጁን የምታውቅ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ ለመድኃኒት ቁም ሳጥን ቁልፍ ልትገዛ ገብታ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«አባባ፣ በሰው ቤት ነገር መግባቴን ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ሰምቼ ማለፍ ግን አልቻልኩም።»

«እናንተው አይደላችሁ እንዴ ያስተማራችሁን፣ ልጄ? በድምፅ ማጉያ እየዞራችሁ በራችሁን ዝጉ ስትሉ አልነበረም? ዘጋን፣ ዳንን። ይኼንንም እዘጋበታለሁ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

«ብለናል፤ ያኔ ልክ ነበር። ያ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ይዘል ነበር። የልጅዎ በሽታ ግን እዚያው በተዘጋው ክፍል ውስጥ የበቀለ ነው። በበቀለበት ቦታ መልሰው ሊቆልፉት ነው።»

«መጠጥ ደግሞ መቼ በሽታ ሆነ? ጥጋብ ነው እንጂ። ያንን ጊዜ እኛም ኖረነዋል፤ ማን ጠጣ?»

«ሱቁ ተዘግቶ ሳለ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

ሽማግሌው ሞረዱን አስቀመጡ።

«አንድ አሮጌ ጓጉንቸር ቤት ወስጄ ነበር። እፈታዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ፣ ደግሞ እፈታዋለሁ። ባለቤቴ ‹ሰውየው ሊለቅበት ነው› ትል ነበር።» ድምፃቸው ወረደ። «አልተሳሳተችም። አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣ ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

«ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ሚስት አለዎት፣ ሙያ አለዎት፣ ስልሳ ሦስት ዓመት ክፉና ደግ አይተዋል፤ ያም ሆኖ ለጥቂት ነው የተረፉት። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነበር። ጓደኞቹ በየቤታቸው፣ ትምህርቱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለ። እንቅልፍ እምቢ ሲለው አንድ ብርጭቆ አስተኛው። ቆይቶ አንዱ አላስተኛ አለው። እርስዎ ጓጉንቸሩን ያነሡበት ጭንቀት ነው እሱን ጠርሙስ ያስነሣው።»

እሷ ቀጠለች።

«ደግሞ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲከለከል ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፤ እስከ ሞትም ሊያደርሰው ይችላል። በተቆለፈ በር ኋላ ቢወድቅ ማን ይደርስለታል? ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው የሚተወው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩዮቹ ጣቢያችን ተሰብስበው ይነጋገራሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያው ዘመን የተረፈ ጭንቀት ያለባቸው ናቸው።»

«ሰው ምን ይላል? ልጄ አደባባይ ወጥቶ ጠጪ ነኝ ሊል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም፣ አባባ? ሰፈሩ እንደሆነ ያውቀዋል። እንደሚወዱት የማያውቀው ልጅዎ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው መቀርቀሪያውን አንሥተው ብዙ አገላበጡት። ከዚያ «መምህር፣ ሱቁን አደራ» ብለው ወጡ። እኔም ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብዬ በነቀነቅሁት ራሴ አፈርኩ።

የሆነውን በኋላ ነገሩኝ። ልጃቸውን ቀስቅሰው «ና፣ ይኼን ብረት ያዝልኝ» አሉት። በሩ ላይ አብረው ገጠሙት፣ በውስጥ በኩል። «ስትፈልግ ትዘጋለህ፣ ስትፈልግ ትከፍታለህ፤ እኔ አልቆልፍብህም» አሉት። ስለ ጓጉንቸሩና ስለ እንባቸውም ነገሩት። ልጁ ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ቆመ።

«አባዬ፣ አንተም?» ብቻ ነበር ያለው።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ጠጥቷል። በሁለተኛው ግን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ሄዶ ለነርሷ ተናገረ፤ እሷም «ይኼኔ ነው ያሸነፍከው» አለችው። እንቅልፉ ተመለሰ፣ የፊቱ ወዝ ተመለሰ፣ አባትና ልጅ በአንድ ገበታ መቀመጥ ጀመሩ። በዓመቱ ኮሌጁ መልሶ ተቀበለው። ሊሄድ ሲነሣ መቀርቀሪያውን ፈትቶ ከሱቁ ባንኮኒ ላይ አኖረው። «አባዬ፣ ሽጠው፤ ከገጠምነው ጀምሮ አንድ ቀን አልዘጋሁትም» አላቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ መምህር ነኝና እንባዬን በመነጽሬ ከለልኩ።

ሽማግሌው አልሸጡትም። ዛሬ አንድ አባት በንዴት ቆሽቱ አርሮ ለልጁ ክፍል መቀርቀሪያ ሊገዛ ሲመጣ ያንኑ ብረት ፊቱ ያስቀምጡና «በየት በኩል ነው የምትገጥመው?» ይሉታል። ወንበር ይስቡለታል፣ የራሳቸውን እንባ ሳይደብቁ ያጫውቱታል፣ ጤና ጣቢያውን ያሳዩታል። እስካሁን አምስት አባቶች መቀርቀሪያ ሳይገዙ ወጥተዋል።

ነርሷን መንገድ ላይ ሲያገኟት «ገበያዬን ገደልሽው፣ ልጄ» ይሏታል፤ ይህን ሲሉ የሚኮሩትን ያህል ኮርተው አይቻቸው አላውቅም።